መልስ፦ በገና ለብቻው ለምን ልብ ይነካል?

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍልህ። «ከበሮም ባንድም የሌለው በገና እንዴት እንዲህ ልብ ይነካል?» ብለሃል። ለእኔ ትልቁ ነገር ቅርበቱ ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። አውታሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዝራ የሚሉት ትንሽ ቆዳ ይገባል። ያ ሆድ የሚያባባ ንዝረት የሚመጣው ከዚያ ነው። ደርዳሪው ደግሞ አይጮኽም። ለራሱ የሚናገር ያህል ዝቅ አድርጎ ያዜማል፣ ስለዚህ አንተ ነህ የምትጠጋው። እዚህ ጎጃም በሁዳዴ ቤት ውስጥ ሲደረደር፣ ሕፃን ሳይቀር ጨዋታውን ትቶ ጆሮ ይሰጣል።

በስልክ ስፒከር ግን አትስማው፣ እባክህ! የወፍራሞቹ አውታሮች ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል። ጥሩ ማዳመጫ ከሌለህ፣ የሚደረድር ሰው ፈልገህ አጠገቡ ቁጭ በል።