ከሚትራል ቫልቭ ጥገና በኋላ ልብ ሲዘባረቅ

የእናትሽ ሚትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው የደም በር) ከተጠገነ 3 ሳምንት ሆኖት ልቧ ዝብርቅርቅ እያለ እንደሚመታ ጠይቀሻል። እህቴ፣ የምት መዛባት ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ በብዛት ያጋጥማል፣ ብዙ ጊዜም በመድኃኒት ይስተካከላል። ግን ዝም አትበይው፤ ልብ ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል ዛሬውኑ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አስነሺያት። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ከጀመረች ሐኪሙ ሳያዝ አታስቁሚያት። ጎመን ትብላ፣ ግን የዋርፋሪንን ሥራ ስለሚነካ መጠኑ ብቻ አይለዋወጥ።

ትንፋሽዋንም ተከታተዪ። የኔ እናት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሦስት ትራስ ደርባ ካልሆነ መተኛት አቅቷት፣ እኛ የድሬን ሙቀት ስንረግም ከረምን፤ ለካ ቫልቩ እንደገና ያፈስ ኖሯል፣ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ነው የታየው። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ቤት ውስጥ በፓራሲታሞል እንዳትሸፋፍኑት።