ደሴን ፒኤስፒ ውስጥ ለማስገባት፦ ለወንድማችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነበር፦ «ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በኮምፒውተር የኮንትሮባንድ ጨዋታ እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ዕቃ ያሻግራል፣ ፖሊስ ያባርረዋል፣ ከተማው ውስጥ እንደልቡ ይዞራል። አሁን በድሮ ፒኤስፒ (በእጅ በሚያዘው የሶኒ ጌም መጫወቻ) ላይ ማስኬድ አማረን። ከተማውን እናሳንስ ወይስ የምስሉን ጥራት እንቀንስ?»

በመጀመሪያ አብሽሩ፣ ይቻላል። እኔ ደሴ ውስጥ ጌም እጠግናለሁ። ኮምቦልቻ ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ይሄንኑ ሞክረን ስምንት ወር ፈጅቶብናል። የምጽፍላችሁ የደከምኩበትን ነው።

ጥራቱን ሳታስቡ ቀንሱት። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚያምረው የግድግዳ ስንጥቅ እዚያ ላይ አይታይም። የመጀመሪያው ፒኤስፒ ራም (ጨዋታው ሲሄድ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማከማቻ) ደግሞ 32 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ላይ ሲስተሙ የራሱን ይወስዳል፣ ለእናንተ 24 አካባቢ ይተርፋችኋል። ኋላ የወጣው ሞዴል 64 አለው፣ ግን እሱን ተማምናችሁ አትሥሩ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣው አብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

ከተማውን ግን ለማሳነስ አትቸኩሉ። ጂቲኤን፣ ያንን ከተማ ውስጥ በመኪና እንደልብ የሚዞርበትን ጨዋታ፣ ተመልከቱ። ከጂቲኤዎቹ አንዱ፣ ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ለፒኤስፒ ሲወጣ፣ ከተማው በ2001 ጂቲኤ 3 በፕሌይስቴሽን 2 ያሳየን ያው ሊበርቲ ሲቲ ነበር። ሦስቱም ደሴቶች አሉ። እንዲያውም ጂቲኤ 3 ላይ ያልነበረ ሞተር ሳይክል ተጨምሮበታል። እንዴት ቻሉ? ከተማው ሙሉ ለሙሉ አንድም ጊዜ ራም ውስጥ አይገባም። ወደ አንድ ሰፈር ስትጠጋ ያ ሰፈር ከዲስኩ ይነበባል፣ ትተኸው የመጣኸው ይጣላል።

ይሄንን በእጄ ነው ያወቅኩት። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስመላለስ ሰው እንዳልረብሽ ድምፁን ዘግቼ ነበር የምጫወተው። ፈጣን መኪና ይዤ ሰፈር ስቀይር ዲስኩ ጀርባው ላይ ሲያጉረመርም መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። ያኔ ማሽኑ የታመመ መስሎኝ ነበር። የራሳችንን ስንሠራ ነው የገባኝ። መኪናው ከንባቡ ከፈጠነ፣ ተጫዋቹ ገና ያልመጣ መንገድ ላይ ይደርሳል። የእኛው መኪና ስንት ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ወድቋል መሰላችሁ! ስለዚህ የመኪናችሁን ትልቁን ፍጥነት የምትወስኑት በስሜት ሳይሆን ንባቡን ለክታችሁ ነው። ባጃጅ መጀመሪያ ስጡት። ለታሪኩም ይስማማል፣ ማሽኑም ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ የጀመርነው ከኮምቦልቻ ነበር። ሜዳ ስለሆነ ቀላል መሰለን። ዋናው መንገድ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው። መኪናው መሀል ላይ ሲቆም ከፊቱ ያለው ሕንፃ ሁሉ፣ መኪናው ሁሉ፣ ከኋላው ያለው ተራራ ሳይቀር ይታያል። ማሽኑ ያንን ሁሉ መሳል አለበት። ስታክ ማድረግ ጀመረ። ጉም ብናለብሰው ኮምቦልቻ መምሰሉ ቀረ። ያንን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በቀትር ጉም አይቀበልም።

ተስፋ ቆርጠን ደሴን ሞከርን። ደሴ ዳገት ናት፣ መንገዱ ይጠማዘዛል። አንዱን ኩርባ ሳትጨርስ የሚቀጥለው አይታይህም። ቤት ቤትን ይጋርዳል። ከላይ የጦሳ ተራራ አለ፣ እሱን አንድ ትልቅ ሥዕል አድርገህ ከኋላ ታቆመዋለህ። ጉሙ ደግሞ የራሷ የደሴ ነው፣ ማንም «ይሄ ምንድን ነው?» አይልም። ያለ ምንም ተአምር ጨዋታው መሄድ ጀመረ። የዚያን ቀን ሌሊት አልተኛንም።

ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው የሀረጎ መንገድ ደግሞ ስጦታችሁ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ተራራ፣ መሀል ላይ ኩርባ በኩርባ። ተጫዋቹ እዚያ ቁልቁል ሲወርድ ደሴን ጥላችሁ ኮምቦልቻን አንብቡ። እሱ መሪውን እንጂ ሌላ አያስብም። ጂቲኤ 3 ከደሴት ወደ ደሴት ስትሻገር የሎዲንግ ምስል ያሳይህ ነበር። እናንተ ያንን በሀረጎ መንገድ ልትሸፍኑት ትችላላችሁ።

ኮምቦልቻን ግን መተው የለባችሁም። ሌላም መንገድ አለ፣ እንዲያውም ለሦስት ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው። ሌላው ጂቲኤ፣ ቻይናታውን ዋርስ፣ በ2009 ለኒንቴንዶ ዲኤስ (ይሄም በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ነው) ወጣ። ዲኤስ ያለው ራም 4 ሜጋባይት ነው። ካሜራውን ወደ ላይ ሰቀሉት፣ ከተማውን ከላይ ታየዋለህ። ከላይ ሲታይ የሩቅ ሕንፃ የሚባል ነገር የለም! ሜዳውም ዳገቱም አንድ ነው። እኔ በጣም የማደንቀው ግን የፖሊሱን ሕግ መቀየራቸውን ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ሮጠህ መሰወር ይከብዳል። ስለዚህ የፖሊስ መኪኖችን እያጋጨህ ስታበላሽ ፖሊስ ምን ያህል እንደሚፈልግህ የሚያሳየው ኮከብ ይቀንስልሃል። ተልዕኮ ሲበላሽብህ ደግሞ ረጅሙን ጉዞ ዘልለህ መድገም ትችላለህ። ማሽኑን ብቻ ሳይሆን የያዘውን ሰው አስበውለታል።

የያዘውን ሰው ካነሳን፣ ፒኤስፒ ያለው አንድ የጣት መንጃ ብቻ ነው፤ ካሜራ የሚያዞር ሁለተኛ የለውም። እኛ ካሜራውን በማሽኑ ግራ ትከሻ ላይ ባለው ቁልፍ አደረግነው። አንድ ደንበኛዬ የሆነ ልጅ አስሞከርኩት፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ገደል ገባ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ካሜራው ራሱ መንገዱን ተከትሎ እንዲዞር ስናደርግ በአንድ ቀን ለመደው።

ተልዕኮውንም አሳጥሩ። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው አንድ ሰዓት ይታገሳል። ሚኒባስ ውስጥ ያለ ሰው ግን ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀው ማቆም አለበት። ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ ሴቭ የሚያደርገው መጠለያ ቤትህ ስትገባ ብቻ ነበር። ባትሪዬ መንገድ ላይ አልቆ ስንት ልፋት ጠፍቶብኛል! እናንተ ዕቃው አንድ ቦታ በደረሰ ቁጥር ሴቭ አድርጉለት።

ስለዚህ ከተማውን ሳትነኩ መጀመሪያ አንድ ኩርባ ብቻ ሥሩ። አንድ ባጃጅ፣ አንድ ፖሊስ፣ አሥር ቤት። እሱን እውነተኛ ፒኤስፒ ላይ አስኬዱት፣ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኢሙሌተር (ፒኤስፒን የሚያስመስል ፕሮግራም) ሁሉንም ያሳምራል። ማሽን ከሌላችሁ እኔ ጋ ሁለት አለኝ። የአንዱ ዲስክ ማንበቢያ ሞቷል፣ ከሜሞሪ ካርድ ግን ደህና ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ።