ባለ ድርብ ፀጉር ትልልቅ ውሾች፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ኮኬዢያን፣ ረጅም ፀጉር ያለው ጀርመን ሼፐርድ ወይም ሃስኪ ይዛችሁ በፀጉሩ የተማረራችሁ ጠይቁ። እኔ ሱሉልታ ነኝ፤ ብርዱንም ጭቃውንም አውቀዋለሁ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጋሼ፣ መጋቢት ላይ ፀሐዩ ሲከር ውሻዬ ቀኑን ሙሉ ያለከልካል። በቶንዶስ ልላጨው?

መልስ፦ እንዳታደርገው! ከሥር ያለው ጥጥ የመሰለ ፀጉር ብርድም ሙቀትም ይመክታል፤ የላይኛው ሻካራው ዝናብና ፀሐይ ይከላከላል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ መላጨቱ ያን ያህል አያቀልለትም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ የተላጨ ቆዳ ፀሐይ ይለበልበዋል። የላይኛው ፀጉር ዘግይቶ ነው የሚበቅለው፤ አንዳንዱ ውሻ ላይ ቦታ ቦታው ገላጣ ሆኖ ይከርማል። የሞተውን የውስጥ ፀጉር አበጥረህ አውጣለት፤ ጥላና ውሃ አይጉደልበት። ሐኪም ለቁስል ሲላጨው ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ በየቀኑ አበጥራታለሁ፤ ከጆሮዋ ኋላ ግን ቋጠሮ አይጠፋም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ከላይ እያበጠርሽ ነው። በአንድ እጅሽ ፀጉሩን ወደ ላይ ግለጪና ቆዳው እንደ ቀጭን መስመር ሲታይሽ ከዚያ በታች ያለውን ትንሽ ትንሽ እየለቀቅሽ አበጥሪ። ስትጨርሺ የብረት ማበጠሪያ ከቆዳው እስከ ጫፍ አሳልፊ፤ ከያዘሽ ገና ነው። ብብቷን፣ የኋላ ጭኗንና የአንገት ማሰሪያዋን ሥር አትርሺ። ቋጠሮውን ከጫፉ ጀምረሽ በጣት ፈልቅቂው። መቀስ አይግባ፤ ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ ሳታዪው ትቆርጫታለሽ። መስከረም ላይ ሣር ውስጥ ከዋለች ጭጎጎቱን ያኑ ቀን ልቀሚላት፤ ካደረ የቋጠሮ መነሻ ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ልጄ፣ ክረምት ላይ ጭቃ በጭቃ ሲሆንብን በየሳምንቱ በልብስ ሳሙና እናጥበዋለን። ቆዳው ግን መሽተት ጀመረ።

መልስ፦ እማማ፣ ሳሙናው ወዙን ያነሳዋል፤ ሽታው ግን ከእርጥበቱ ሳይሆን አይቀርም። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ካደረ ቆዳው ይላጥና ያዣል። አሁን ከቀላ ወይም ካዣ ለሐኪም ያሳዩት። ከዚያ በኋላ ጭቃው ይድረቅና በብሩሽ ያራግፉት፤ አብዛኛው ይረግፋል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ በውሻ ሻምፖ ቢታጠብ ይበቃዋል። ሳይበጠር ግን አይታጠብ፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል። ፀሐይ ባለበት ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይጀምሩ፣ ፎጣውን ሳያሹ ተጭነው ያምጥጡት፣ ፎን ካለ ለብ ባለው። በጣትዎ ሥሩን ዳስሰው ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

ጥያቄ፦ ለቁንጫና ለመዥገር ነጭ ጋዝ ቀባው ብለውኛል።

መልስ፦ በፍጹም። ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰው ይመርዘዋል። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው አስጠግተህ ያዝና ቀጥ አድርገህ ሳበው። መድኃኒቱን እንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ ይስጥህ። ድመት ካለህ አስቀድመህ ንገረው፤ ለውሻ የሚሆነው ፐርሜትሪን የሚባል የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ድመት ይገድላል።

ጥያቄ፦ ፈረንጆቹ በዓመት ሁለቴ ይረግፋል ይላሉ። የእኔ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ታሞ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ፀጉሩን የሚያስለውጠው በዋናነት የቀኑ መርዘምና ማጠር ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ቀኑ ብዙም አይለዋወጥም። ክብ ክብ ሆኖ ከተመለጠ ወይም ካሳከከው ግን ሳታዘገይ ሐኪም ጋ ውሰደው።