መልስ፦ ከቀጭኑ መጽሐፍ ይጀምሩ

«ከጥንቶቹ የሳይንስ ልብ ወለዶች የትኛውን ላስቀድም? አሰልቺ አይሆኑም ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ብሆን ከኤች. ጂ. ዌልስ «የጊዜ ማሽን» እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1895 የታተመ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ሁለት ምሽት ይበቃዋል። ተጓዡ 802,701 ዓ.ም. ሲደርስ የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል፦ ከላይ በፀሐይ የሚቦርቁ፣ ከታች በጨለማ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ። ሐሳቡ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዌልስ እናት አፕፓርክ በሚባል የባላባት ቤት የሠራተኞች ኃላፊ ነበሩ፤ እዚያ አገልጋዮች የሚመላለሱበት መተላለፊያ ከመሬት በታች የተቆፈረ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ደግሜ ሳነበው ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ።

ቀጥሎ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»፣ 1818። መጻፍ ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር! ፍራንከንስታይን የሚለው ስም ፍጡር ሠርቶ ሕይወት የዘራበት ሰው ስም እንጂ የፍጡሩ አይደለም። ፍጡሩም በፊልም እንደለመድነው የሚያጉረመርም ሳይሆን አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ብሶቱን ሲናገር ልብ ይነካል።

ዡል ቬርንን ለጊዜው ያቆዩት። «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» በሚለው ልብ ወለዱ ርዕስ ላይ ያለው «ሃያ ሺህ ሊግ» (ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው) የባሕር ውስጥ ጉዞው ርዝመት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም፤ በመጽሐፉ ያለውን የዓሣ ስሞች ዝርዝር ግን፣ አልዋሽዎትም፣ እኔም እየዘለልሁ ነው ያነበብሁት።