ለምለም ስንዴ ዛላ አልወጣ ሲል

ጥያቄ፦ የዘራሁት ስንዴ አራት ወር ሊሞላው ነው። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ከሥሩም ብዙ ቡቃያ አውጥቷል፤ ግን አገዳ አይዝም፣ ዛላም የለው። ዘሩ ከሌላ አካባቢ የመጣ አዲስ ዝርያ ነው። ዩሪያ ብጨምርበት ያፈራ ይሆን?

መልስ፦ ዩሪያውን ያቆዩት። የሚጨምርልዎ ቅጠል ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቅጠል አላጡም። እንደ ነገሩኝ ከሆነ የዘሩት ብርድ ፈላጊ ስንዴ ይመስለኛል፤ «የክረምት ስንዴ» የሚሉት ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ክረምት የተባለው ለዝናቡ ሳይሆን ለብርዱ ነው። እንዲህ ያለው ስንዴ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ፣ እንደ ዝርያው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ካልቆየ ወደ ዛላ አይሻገርም።

ግን በግምት አይወስኑ። ከማሳው የተለያየ ቦታ አሥር ያህል ተክል ነቅለው ከእያንዳንዱ ወፍራሙን ቡቃያ ይምረጡ። ሥሩን ቆርጠው፣ ቅጠሉን ከውጭ ወደ ውስጥ እየላጡ፣ የቀረውን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰንጥቁት። ከግርጌው፣ አፈሩ በሚደርስበት ቦታ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነጭ ጫፍ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ጫፉ ለስላሳ ጉብታ ከሆነና በላዩ ምንም አንጓ ካልተሠራ ተክሉ ገና ቅጠል ብቻ እያሰበ ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው የተደራረቡ መስመሮች ካዩ ዛላው ተጀምሯል፤ ይታገሱ። ማሳው ውስጥ አልፎ አልፎ ዛላ ያወጣ ተክል ካለ ደግሞ ዘሩ የተደባለቀ ሊሆን ይችላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በሴሉ ውስጥ ዲኤንኤው እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። የሚጠቀለልበት እምብርት ሂስቶን የተባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ናቸው፤ 147 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች ይዞሩበታል። ጥቅሉ ሲጠብቅ ጂኑን የሚያነቡት ፕሮቲኖች አይደርሱበትም፣ ሲላላ ይደርሱበታል። ጥቅሉን ወዲያና ወዲህ የሚገፉ፣ ከቦታው የሚያነሱ፣ አንዱን ሂስቶን በሌላ ዓይነት የሚተኩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ለዚህም የሴሉን ኃይል ኤቲፒን ያወጣሉ። ሌሎቹ ሂስቶኑ ላይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ «ይዘጋ» ወይም «ይከፈት» እንደማለት ነው።

ለዛላ መንገድ የሚከፍተው ጂን ቪአርኤን1 ይባላል። ብርድ ባላየ ስንዴ ላይ የመዝጊያ ምልክት ተለጥፎበት ይቀመጣል። ብርዱ ሲሰነብት የመዝጊያው እየቀነሰ የመክፈቻው እየበዛ ይሄዳል። ሥራው ቀስ በቀስ ስለሚጠራቀም አንድ ሁለት ሌሊት ውርጭ ምንም አይፈይድም። ጂኑ ሲከፈት ቪአርኤን2 የተባለውን አበባ ከልካይ ጂን ያፍነዋል፤ ከዚያ ቀኑ ሲረዝም ዛላው ይጀመራል። (አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ተክል ነገሩ ተገልብጦ ነው፤ እሷ ውስጥ ብርዱ ኤፍኤልሲ የተባለውን ከልካይ ይዘጋል እንጂ አበቢውን በቀጥታ አይከፍትም።) ብርድ የማይፈልጉት ስንዴዎች ብዙውን ጊዜ የቪአርኤን1 ቁራጭ የጎደላቸው ወይም የተቀየረባቸው ናቸው፤ መዝጊያው አይዝላቸውም።

ዝርያውን ለማረጋገጥ ዘር ካለዎት፦ አሥር ፍሬ ነክረው፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ዘርግተው፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ ውስጥ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ 8 ሳምንት ያቆዩት። ወረቀቱ እንዳይደርቅ፣ ሻጋታ እንዳይዘው፣ ፍሬውም በረዶ እንዳይሆን ይከታተሉ። ደረቅ ዘር ማቀዝቀዝ ከንቱ ድካም ነው፤ ፅንሱ ውኃ ጠጥቶ ካልነቃ ምልክቱን የሚቀይሩት ፕሮቲኖች አይሠሩም። ሲያወጡት ብርድ ካላየ አሥር ፍሬ ጋር በአንድ ቀን ይዝሩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አያሳዩት፤ ብርዱን በደንብ ካልጠገበ ሙቀቱ የብርዱን ሥራ መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። የቀዘቀዘው ዛላ አውጥቶ ሌላው ሣር ሆኖ ከቀረ ጥርጣሬ የለም።

አሁን ማሳው ላይ ያለውን በተመለከተ፣ የብርዱ ወቅት በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚመጣ ከሆነና እርጥበት ካለ ማቆየት ያዋጣል። ካልሆነ ለመኖ ይጨዱት። ከመሬት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ካጨዱ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ማደጊያው ጫፍ ገና ከማጭዱ በታች ነውና። በቅርቡ ዩሪያ ያገኘ ከሆነ ናይትሬት፣ ሲበዛ ከብት የሚመርዝ ንጥረ ነገር፣ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ ለተራበ ከብት ብቻውን አይስጡ፣ ከድርቆሽ ጋር ቀላቅለው በጥቂቱ ይጀምሩ።

«ሁለት ዓመት ቢዘራ ይለምዳል» የሚልዎት ሰው ካለ አይቀበሉት። የብርዱ ትዝታ ሴል ሲከፋፈል ከእናት ሴል ወደ ልጅ ሴል ይተላለፋል፤ ዘር ሲሠራ ግን ይፋቃል። ብርድ ጠግቦ ካፈራ ስንዴ የተለቀመ ዘርም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ከምርት መጠኑ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ዝርያው ብርድ ይፈልጋል ወይ? ከፈለገስ ስንት ሳምንት? ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚበቃቸው መካከለኛ ዝርያዎችም አሉ።