«የደጋ ልጅ ነኝ፤ ኤቨረስት ሥር ብሄድ ከፍታው ያመኛል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን ግን ዱባይ ነው የምሠራው፣ ከመጣሁም ዓመታት አልፈዋል። አብራኝ የምትሠራ ኔፓላዊት ጓደኛዬ መጋቢት ላይ አገሯ ልትወስደኝ ነው። ከሉክላ ተነስተን በእግር እስከ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። ፈቃዴ 10 ቀን ብቻ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። እሷ «ሁለታችንም የተራራ ሰዎች ነን፣ ምንም አንሆንም» ትላለች። እውነት ነው? የከፍታ ክኒን የሚባለውንስ ልያዝ? ደግሞ ጾም ላይ ነው የሚውለው።

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስታለች፤ ስለ እርስዎም ስለ ራሷም። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እየኖረ ነው። ቆላ ወርዶ ሲከርም ልምዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ዱባይ ደግሞ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። በእርግጥ የእኛን የሰሜን ደገኞች የመረመሩ ሰዎች፣ 3,500 ሜትር ላይ እየኖሩ እንኳ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አይተዋል። የኤቨረስት አካባቢ ደገኞች የሆኑት ሼርፓዎችም በዘር የወረሱት የራሳቸው መላ አላቸው። ግን ይህ እዚያው ከፍታ ላይ ስለሚኖር ሕዝብ የተባለ ነው እንጂ ለእርስዎ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ዓመታት ዝቅ ብሎ የኖረ ሼርፓም አገሩ ሲመለስ ሊታመም ይችላል።

ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሉክላ 2,860። እርስዎ ድሮ የለመዱት ከፍታ ጉዞው የሚጀመርበት ነው ማለት ነው። ቤዝ ካምፕ 5,364 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ በ800 ሜትር ያህል ይበልጣል።

ስለዚህ የእኔ ትልቁ ጭንቀት ግፊትዎ ሳይሆን 10 ቀኗ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የዛሬ ማደሪያዎ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ነው የሚመከረው፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ማደር አለ። ሰዉ ናምቼ ባዛር (3,440) ላይ ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ (4,410) ላይ ሌላ ሁለት ሌሊት የሚያድረው ለዚህ ነው። በዚህ አካሄድ ደርሶ መልሱ 12 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የሉክላ አውሮፕላን ደግሞ ደመና በመጣ ቁጥር ይቀራል። እኔን ቢሰሙኝ ቤዝ ካምፑን ይተዉትና ቴንግቦቼ (3,860) ገዳም ደርሰው ይመለሱ። ናምቼ ላይ አርፈው እንኳ ስድስት ቀን ይበቃል፣ ሰማዩ ከጠራ ኤቨረስትም ከዚያ ይታያል። ቤዝ ካምፕ ማለት እኮ ድንጋይና በረዶ ነው፤ ተራራውም ከዚያ በደንብ አይታይም!

ክኒኑን በተመለከተ፣ ስሙ አሴታዞላማይድ ነው፤ ብዙ ሰው ዳያሞክስ ይለዋል። ለመከላከያ አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይወሰዳል፣ መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀድሞ። ጣትን ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም ያበላሻል። ይህ አያስጨንቅም። እርስዎ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ውሃም ፖታሲየምም ይዘው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ላብ እያላበው በደረቅ አየር ሲሄድ ምን እንደሚሆን ይገምቱት። ስለዚህ ከፋርማሲ ገዝተው በራስዎ እንዳይጀምሩ። ሐኪምዎ ፖታሲየምዎንና ኩላሊትዎን በደም ምርመራ ይይልዎት፤ ምናልባት ለጉዞው የግፊት መድኃኒቱን ይቀይርልዎ ይሆናል። በሰልፋ መድኃኒት ክፉኛ ተቆጥተው የሚያውቁ ከሆነም ይንገሩት። የግፊት መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከፍታ ራሱ ግፊት ይጨምራል።

ክኒን ወሰዱም አልወሰዱም፣ መንገድ ላይ ራስዎን ካመመዎት፣ ካቅለሸለሸዎት ወይም ምግብ ካስጠላዎት ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይያዙት። «ጉንፋን ነው» ብለው አይለፉት። ያኔ ከፍ ማለት የለም። እዚያው አድረው ካልተሻለዎት ይውረዱ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ነገር መዘባረቅ፣ ወይም ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ማደርም የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ከሰው ጋር ወዲያው መውረድ ነው። ይህ አእምሮ ወይም ሳንባ ውሃ እየያዘ ነው ማለት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ቡድኑ እንዳይዘገይ ብለው ሕመምዎን እንዳይደብቁ፤ ሐበሻ ይሉኝታ ያጠቃናል፣ ለዚያ ነው የምነግርዎት።

ጾሙ ደግሞ ከምግቡ አንጻር አያስቸግርም። ዳል ባት ምስርና ሩዝ ነው፣ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ይናገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣትን ግን እኔ አልፈቅድም፤ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። ውሃውንም ተፈልቶ ወይም በክኒን ታክሞ ካልሆነ አይጠጡ፤ አንድ ተቅማጥ ሁለት ቀን ያስተኛል፣ ስለዚህ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ይያዙ።

ኢንሹራንስም ይግዙ። ብዙዎቹ ውሎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሠሩም፤ የሚሄዱበት ከፍታና የሄሊኮፕተር ማንሻ በግልጽ ተጽፎበት እንደሆነ ሳያዩ አይፈርሙ።