«ንድፍ» ወይስ «ሥዕል»? የልብስ ምልክት ዲጂታል ጥሪት ሲሆን

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ደብረ ብርሃን ውስጥ ቲሸርት ላይ እናትማለን። በውጭ አገር ለዓመታት በልብስ ላይ የኖሩ ምልክቶች ኤንኤፍቲ (ባለቤቱ በዲጂታል መዝገብ ላይ የሚጻፍ ልዩ ዲጂታል ቁራጭ) ሆነው በኢንተርኔት መሸጣቸውን በአማርኛ ልጽፍ ብዬ ቃል ቸገረኝ። ልብሱ ላይ ያለውን «ሥዕል»፣ «ምስል»፣ «ኅትመት» ወይስ «ንድፍ» ልበለው? የሚሸጠውንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ለብዙ ዘመን ሲከነክነኝ የኖረውን ጉዳይ ስለነካ በአንድ ቃል መልሼ ማለፍ አልሆነልኝም። ልብሱ ላይ ያለው «ንድፍ» ነው።

ምልክቶቹ የተጓዙበትን መንገድ እንይ። ካሊፎርኒያዊው ሾን ስቱሲ በሚሠራቸው የሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳዎች ላይ በእጁ ይጽፈው የነበረውን ስሙን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ቲሸርት አሻገረው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ የተከፈተው የልብስ ሱቅ ሱፕሪም በቀይ መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈውን ምልክቱን የቀዳው ከአሜሪካዊቷ ሠዓሊ ከባርባራ ክሩገር የጥበብ ሥራዎች ነው። በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው የልብስ ድርጅት ዘ ሀንድረድስ ደግሞ ምልክቱ የሆነውን ዓይንና አፍ ያለውን ቦምብ ለዓመታት በልብስ ላይ መልኩን እየለዋወጠ ካተመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚያን መልኮች ከቀድሞ ልብሶቹ ከተወሰዱ መደቦች ጋር እያጣመረ 25,000 ዲጂታል ቁራጮች አድርጎ አወጣቸው። ምልክቱ ከሰሌዳ ወደ ጨርቅ፣ ከጨርቅ ወደ ስልክ መስታወት ሲሻገር አብሮት የሚሻገር ቃል ያስፈልገናል።

«ኅትመት» አይሻገርም። ሥሩ ኀተመ ነው፤ በብዙኃኑ «ኀ» የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። አንድ ማኅተም ሺህ ጊዜ ቢመታ ሺሁም አንድ ናቸው፤ ዲጂታሉ ቁራጭ ግን እያንዳንዱ በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ በሚያዝ ዲጂታል) መዝገብ ላይ የራሱ ቁጥር አለው። «ምስል» ከመሰለ የወጣ በመሆኑ የሚመስለውን ይፈልጋል፤ የስቱሲ የእጅ ጽሑፍ ማንን ይመስላል? «ሥዕል» ሠዐለ ከሚለው ግስ ነውና በንጉሡ «ሠ» እና በዐይኑ «ዐ» ይጻፍ፤ በእሳቱ «ሰ» እና በአልፋው «አ» የሚጻፈው ሰአለ ለመነ ማለት ነው፣ ስእለትም ከእርሱ ነው። ሰው ቆሞ የሚሳለመውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ስላደግሁ ቃሉን ጥርሱን ላገጠጠ ቦምብ መስጠት ይከብደኛል፤ መዝገበ ቃላት ግን በዚህ እንደማይደግፈኝ አልክድም።

ወደ «ንድፍ» ልመለስ። ነደፈ በግእዝ ወጋ፣ በፍላጻ መታ ማለት ነው፤ በዐረብኛም ያው ሥር ጥጥ መንደፍን ያመለክታል። አያቴ ከይፋት ቆላ የመጣውን ጥጥ በመዳመጫ ፍሬውን አውጥታ በደጋን ስትነድፈው፣ ክሩ በመታው ቁጥር ጥጡ እየተፈታ እንደ ጉም ይነሣ ነበር። እንደ እኔ እምነት ንብ ነደፈች፣ ጥጥ ነደፈ፣ ቤት ነደፈ የምንለው ሁሉ ከዚያው ከመውጋት የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ነጥብ ሲወጋ ነገሩ መልክ ይይዛል። እናንተም ስታትሙ ቀለሙ የሚያልፈው በተወጠረው ጨርቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አይደለምን?

«ንድፍ ረቂቅ ነው፣ ላለቀ ሥራ አይሆንም» የሚሉ አሉ፤ የሕንጻ ንድፍን ይጠቅሳሉ። ሕንጻው ሲያልቅ ግን ንድፉ ንድፍነቱ አይቀርም፤ በሌላ ቦታ ሌላ ሕንጻ ይሠራበታል። የቦምቡም ነገር ይኸው ነው፤ እነዚህ ሰዎች መቅደምን ከጅምርነት ጋር አምታትተውታል።

የሚሸጠውን «ጥሪት» ይበሉት። አጥረየ በግእዝ ገንዘቡ አደረገ ማለት ነው፤ ገዢውም በመዝገብ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ባለቤትነት ነው። «ዲጂታል ቅርስ» የሚለውን አልቀበለውም። ቅርስና ጥሪት ድሮ ጎን ለጎን ይነገሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ቅርስ ስንል ትውልድ ለትውልድ የሚያወርሰውን የጋራ ሀብት እናስባለን፤ ትናንት ተገዝቶ ነገ ለሚሸጥ ነገር አይስማማም።

ደንበኞችዎ «ዲዛይን» እና «ፕሪንት» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «ዲዛይን»ማ በአማርኛ ቤቱን ሠርቶ ተቀምጧል፣ ደስ ባይለኝም ከእንግዲህ የሚያስወጣው የለም። በሱቅዎ በር ላይ ቢለጥፉት አልቃወምም። በጽሑፍዎ ግን «የልብስ ንድፍ» እና «ዲጂታል ጥሪት» ብለው፣ «ኤንኤፍቲ»ን በመጀመሪያው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያንሡት።